ከአዳራሹ ደጃፍ የቆመው አንበሳ

የአዲስ አበባውን ብሔራዊ ቴአትር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በመድረኩ ላይ የታዩትን ተውኔቶች ይቆጥራሉ። እኛ ግን ሕንጻውን ራሱን እንደ ተውኔት ልንመለከተው እንወዳለን።

ዘመናዊው ቴአትራችን ሲወለድ ቤት አልነበረውም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ»ን በአንድ ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ፣ ተመልካቹ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሱን ለማየት ብዙ አልተቸገረም። የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ከለከለው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም በወረራው ዋዜማ ሕዝቡን የቀሰቀሰው በምኒልክ አደባባይ፣ በሰማይ ሥር ነበር።

ቤቱን የጀመረልን ወራሪው ነው፤ ይህ ሊያሳፍረን አይገባም፣ ሊረሳም ግን አይገባውም። ፋሺስቶች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት አዳራሽ ከነጻነት በኋላ በፈረንሳዊው አርክቴክት በአንሪ ሾሜት ንድፍ ተስፋፍቶ፣ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። በደጃፉም ሞሪስ ካልካ ከድንጋይ የቀረጸው የይሁዳ አንበሳ ቆመ። አውሬን በመድረክ ላይ ያገደ ዙፋን፣ የራሱን አውሬ በአደባባይ አቆመ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ለምረቃው የቀረበው ተውኔት የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ አይኖረንም፤ ንጉሡ የወታደሩን ሚስት ይወስዳል፣ ባልየውንም ጦርነቱ ወደ በረታበት ግንባር ሰዶ ያስገድላል። ከዳዊት ዘር ነኝ በሚል ንጉሥ ኢዮቤልዩ፣ በስሙ በተሠራ አዳራሽ፣ የዳዊት ኃጢአት! ደራሲው ወቀሳ አስበው ይሁን ትምህርተ ሃይማኖት፣ እኛ አንፈርድም። ሕንጻው ግን ሳያስበው ሁለት ነገር ተናገረ ብለን እናምናለን፤ ውጭ የተቀረጸው «ነገደ ይሁዳ ክቡር ነው» ሲል፣ ውስጥ የተተወነው «የይሁዳ ንጉሥም ይጠየቃል» አለ። ከደጃፉ እስከ መቀመጫው ጥቂት እርምጃ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. መስከረም በኋላ ስሙ ወርዶ «ብሔራዊ ቴአትር» ተባለ። ደርግ ዘውዱን ገልብጦ፣ ስሙን ፍቆ፣ ንጉሡን ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ሲያወጣ፣ አንበሳውን ግን አላፈረሰም። ዛሬም እዚያው አለ። የከተማው ሰው ለቀጠሮ ሲገናኝ «አንበሳው ጋ» ይባባላል፤ የማን አንበሳ እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠይቅም።