የእግር አቤቱታ

ያዕቆብ ወደ ካራን ሲጓዝ ፀሐይ ጠልቃበት መንገድ ላይ አደረ። ድንጋይ ተንተርሶ ሕልም አየ፤ ሲነቃም ስፍራውን ቤቴል፣ የእግዚአብሔር ቤት፣ ብሎ ጠራው። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ሰፈር ቤቴልም ይህንኑ ስም ይዟል። መንገደኛ ጎኑን ያሳረፈበት ስፍራ ስም ነውና፣ ስለ መንገድና ስለ መንደር የማወጋውን ከእርሱ ብጀምር አይከፋም አልሁ።

በአገራችን መንገድ መሄጃ ብቻ አልነበረም፤ ችሎትም ነበር። የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ የተጠራውም ሰው ቸኩያለሁ ብሎ ቢያልፍ ነውር ነበር። ንጉሥ ሲያልፍ የተበደለ ከመንገድ ዳር «አቤት!» ይላል። መኪና ከመጣም በኋላ ልማዱ አልቀረም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወረቀቱን ይዞ የንጉሠ ነገሥቱን መኪና የሚጠብቅ ባለጉዳይ ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ችሎት የማይሰማው አንድ ክስ ነበረ፤ ተከሳሹ መንገዱ ራሱ የሆነበት ክስ። መንገዱን ያዘዘው ንጉሥ ነዋ! «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል።

የመንገድ በደል ሁለት መልክ አለው። አንዱ በላይህ ላይ ማለፉ፣ ሌላው ትቶህ ማለፉ። የሁለተኛው ምሳሌ ሐረር ናት። የጅቡቲው ባቡር ወደ እርስዋ እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱና ወጪው ከበደና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ከዚያው ድሬ ዳዋ በቀለች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረርም ገበያዋ ወደ ቆላ ሲወርድ ከላይ ሆና አየች።

የመጀመሪያውን መልክ ለማየት ግን ከቤቴል ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1990ዎቹ (እንደ እኛ አቆጣጠር) 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የቀለበት መንገድ በቻይና ተቋራጭ ተሠራ። በምዕራቡ ወገን በጦር ኃይሎች፣ በ18 ማዞሪያ፣ በዊንጌት ያልፋል። ዓላማው መልካም ነበር፤ ከባድ መኪና የከተማውን እምብርት ሳይረግጥ ዳር ዳሩን ዞሮ እንዲያልፍ። ነገር ግን ትናንት የከተማ ዳር የነበረው ዛሬ የሰው ደጅ ነው። የቤቴል ሰው መሐል ከተማ ለመድረስ ይህን መንገድ ማቋረጥ አለበት። መሐሉ በግንብ ተከፍሏል፤ እግረኛው እስከ ድልድዩ ሄዶ፣ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ተመልሶ እንዲሻገር ተፈርዶበታል። ብዙው ሰው ፍርዱን አልተቀበለም። ግንቡን ዘለለ፤ አጥር ሲገኝም አጥሩን ቀደደ።

ይህን ድርጊት ሥርዓት አልባነት ብቻ ብሎ የሚያልፍ አለ። መዝለሉ ነፍስ ያስከፍላልና እኔም አላሞግሰውም። ዳሩ ግን እንደ ታሪክ ጸሐፊ ሳየው ሌላ ነገር አነብበታለሁ፦ ቃል ያልተጠየቀ ሰው በእግሩ የጻፈው አቤቱታ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሙግት ሥራው ሳይጀመር ይሰማል። በእንግሊዝ አገር፣ ኒውበሪ በምትባል ከተማ ዙሪያ ሊያልፍ የታቀደውን መንገድ ለማስቆም በ1996 እ.ኤ.አ. ተቃዋሚዎች ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርተው ከረሙ። 10,000 ያህል ዛፍ ተቆረጠ፤ መንገዱም በ1998 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ልብ የሚነካው ግን ከከተማይቱ ነዋሪዎች ብዙዎቹ መንገዱን መፈለጋቸው ነው፤ በደጃቸው የሚያልፈው የጭነት መኪና አስመርሯቸው ነበር። ለአንዱ እፎይታ የሆነው ለሌላው እዳ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ መፍረድ አይቻልም።

ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሺው የከፈተለት የክርክር በር በዋናነት የካሳው መጠን ነበር፤ ክርክሩም የማስለቀቁን ሥራ አያዘገይም ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። የድሮው አዋጅ «ስንት ይከፈለኝ?» የሚለውን ጥያቄ ይሰማ ነበር፤ «ለምን በዚህ በኩል?» የሚለው ግን ከካሳ ሁሉ ይቀድማል።

ጦር ኃይሎች አጠገብ ቆሜ ወደ ቤቴል የሚያቀናውን ሰው ሳይ ያ የጥንቱ ልማድ ትዝ ይለኛል። በዚያ ዘመን ማንም መንገደኛ ቆሞ የመስማት ግዴታ ነበረበት። ነገ በቤቴል ጓሮ ሌላ መንገድ ቢቀየስ፣ መሐንዲሱ ቀያሽ መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት እንደዚያ መንገደኛ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ቢሰማ ምን ይጎድልበታል? ቤቴል የመንገደኛ ማረፊያ ነበረና።