ውሃ ውስጥ የቆመው ሰውና ውሃ የተሸከመችው ሴት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ሥዕል፣ ስለ ፎቶና ስለ ውሃ ትንሽ ላውጋችሁ።

ሰውን ከውሃ ጋር አድርጎ መሳል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና መጻሕፍት ላይ ጌታችን በዮርዳኖስ ቆሞ፣ ዮሐንስ እጁን ከራሱ ላይ አኑሮ፣ ዓሦች በእግሩ ዙሪያ ሲዋኙ አይታችኋል። እዚያ ሥዕል ላይ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የተከበረ ነው።

ካሜራ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺ መሐንዲሶችን ይዞ ነበር። ኋላም ቦያጂያን የተባሉት አርመኖች የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆኑ። እነሱ ፊት በክብር የሚቀመጠው ንጉሡና መኳንንቱ ናቸው። ውሃ ቀጂዋን ማን አስቀምጦ ያነሳታል? ዓለም ድሃውን ኢትዮጵያዊ በደንብ ያየው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ነው፤ ያውም ተርቦና ተጠምቶ።

ይህን ምስል ለመለወጥ ከተነሱት አንዷ አይዳ ሙሉነህ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወለደች፣ ያደገችው ውጭ አገር ነው፣ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶ አንስታለች፤ ወደ አገሯ ተመልሳም በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤድ ባቀረበላት ሥራ ዳሎል ወርዳ «የውሃ ሕይወት» ያለችውን ተከታታይ ፎቶ አነሳች። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ምድር ነው፤ ውሃ ቢገኝም አይጠጣም። ሴቶቹ ፊታቸውን ተቀብተው፣ ቀይና ሰማያዊ ለብሰው፣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንዳቸውም አይለምኑም።

«ችግርን ማሳመር አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሴቶቹ ሞዴሎች ናቸው፤ ፎቶዎቹም በ2019 የተሰቀሉት ለንደን፣ ሶመርሴት ሃውስ ነው እንጂ ምንጭ ዳር አይደለም። ለእኔ ግን ሥራው ትልቅ ነገር አድርጓል። የውሃ ሸክምን በልመና ፊት ሳይሆን በክብር አሳይቶናል። የድሮው ሠዓሊ ለቅዱሳን ያደረገውን እሷ ለውሃ ቀጂዋ አደረገችላት።

የመሐል ሜዳ ልጆች፣ ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ጓሳችን የስንት ወንዝ መነሻ ነው! ውሃው ከእኛ ተነስቶ ቁልቁል ይሄዳል፤ እናትና እህት ግን አሁንም ጀሪካን አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ከእናንተ ውስጥ ውርጩ ሳይለቅ ምንጭ ወርዳችሁ፣ ጀርባችሁ እንደራሰ ክፍል የገባችሁ ሴት ተማሪዎች ነበራችሁ። አርፍዳችሁ ነው የምትባሉት፤ ለካ ከሁላችንም ቀድማችሁ የተነሳችሁት እናንተ ናችሁ።

እስቲ ስልክ ያላችሁ፣ በቀጣዩ በዓል አገር ቤት ስትገቡ እናታችሁን ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ ፈቃዷን ጠይቁ፣ ጀሪካኑን ተቀበሏት፣ ከዚያ እሷ እንደምትፈልገው ትቁም። የቤተሰብ ታሪክ ነውና ስሟንና የምንጩን ስም ከፎቶው ጀርባ መጻፍ እንዳትረሱ።