የኪስ ማጫወቻ

የኪስ ማጫወቻ፦ በውስጡ ወይም በሚሰካለት ሚሞሪ ላይ የተቀመጠን ድምፅ ያለ ኔትወርክ የሚያጫውት፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ። እንግሊዝኛው “ዲጂታል ኦዲዮ ፕሌየር” ይለዋል፤ የዕቃው አፍቃሪዎች ደግሞ ከሦስቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት “ዳፕ” የሚል አጭር ስም አውጥተውለታል። በእኛ ገበያ ሲጠራ የኖረው ግን “ኤምፒ ስሪ” እየተባለ ነው።

ኤምፒ ስሪ የዕቃው ስም አይደለም፤ በጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች የተሠራ የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ነው። ለፋይሎቹ ይህን ቅጥያ የመረጡት እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። ዘዴው ጆሮ የማይለየውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ፋይሉን ከሲዲው መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ያወርደዋል። መሣሪያው የተከተለው በ1998 ሲሆን፣ ቀዳሚዎቹ የኮሪያው ኤምፒማንና የአሜሪካው ሪዮ ነበሩ። የሚይዙት 32 ሜጋባይት ስለነበር ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈን ሲያጫውቱ ያልቅባቸዋል። አፕል በ2001 ያወጣው አይፖድ ሺህ ዘፈን ኪስ ውስጥ አስገባ፤ ኩባንያው በ2022 የመጨረሻውን ዓይነት ማምረት ሲያቆም ብዙ ሰው የዕቃው ዘመን እዚያው ላይ አበቃ አለ።

ስልክ ሁሉን በሚሠራበት ጊዜ፣ አበቃለት ለተባለ ዕቃ አሁን ስም ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? በምዕራብ ሐረርጌ ያለፈ ሰው ይህን አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ያለችው ጭሮ (ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይላታል) የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ወደ ገበያዋ የሚወርደውን ገበሬ ትከሻ ልብ ብለው ቢያዩ በማንገቻ የተንጠለጠለ ሬዲዮ አያጡም። ጎኑ ላይ የሚሞሪና የፍላሽ መሰኪያ አለው፤ ግንባሩ ላይ የእጅ ባትሪ አለው፤ አንዳንዱም በጀርባው ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ባለቤቱ “ሬዲዮ” ይለዋል፤ ብዙውን ሰዓት የሚሠራው ግን የሬዲዮን ሥራ አይደለም፤ ከሚሞሪ ነው የሚያጫውተው። አዲስ አበባ ላይ አበቃለት የተባለው ዕቃ እዚህ ድምፅ ማጉያ ጨምሮ፣ ማንገቻ አስሮ ሥራውን ቀጥሏል። በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶም ያው ነው።

ቀላሉ ትርጉም “የሙዚቃ ማጫወቻ” ነበር። እኔ ግን ይህን ስም አልቀበለውም። ምክንያቴም ሚሞሪዎቹ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በእርግጥ የዓሊ ቢራ ዘፈን አለ፤ ከድሬዳዋው የአፍረን ቀሎ ቡድን የተነሳውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው ዘፋኝ ሥራ በዚህ አገር ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሚሞሪ ሲገለበጥ ኖሯል። ከእሱ ጎን ግን የቁርአን ቅጂ አለ፤ መንዙማ አለ፤ መዝሙርና ስብከት አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን በዚሁ በጭሮ መንገድ ያልፋል፤ እሱም የሚያደምጠው መዝሙር ነው። ቁርአን ብቻ የሚያደምጡበትን አንድ አባት “ይህ የሙዚቃ ማጫወቻዎ ስንት ሰዓት ይሠራል?” ብሎ መጠየቅ ከስህተትም አልፎ ድፍረት ይሆናል። እንግሊዝኛውም ቢሆን “ኦዲዮ” አለ እንጂ “ሙዚቃ” አላለም። ስለዚህ ሙሉ ስሙ “የኪስ ድምፅ ማጫወቻ” ይሁን፤ በንግግር ሲያጥር “የኪስ ማጫወቻ” ይበቃል።

“ዲጂታል” የሚለውን ሆን ብዬ ጥዬዋለሁ፤ ከሚሞሪ የሚያጫውት ሁሉ ዲጂታል ስለሆነ ቃሉ የሚለየው ነገር የለም። “ተንቀሳቃሽ” የሚለውም የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፤ “ተንቀሳቃሽ ስልክ” ተብሎ ስንት ጊዜ ተጽፎ ሰው ሞባይል ማለቱን አልተወም። “አጫዋች” እንዳንል ደግሞ አጫዋች ሰው ነው። ማጫወቻ እንደ መክፈቻ፣ እንደ መቁረጫ የመሣሪያ ስም ነው፤ በዚያ ላይ ማጫወት የሚለው ግሥ ሰውን በወግ ማቆየትንም ይጨምራልና በርጫና ጨዋታ በማይለያዩበት አገር ቃሉ ባዳ አይሆንም።

የቃሉን ድንበር እናስምር። ሚሞሪ ወይም ፍላሽ የማይቀበል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ማጉያ የኪስ ማጫወቻ አይባልም፤ ስልኩ ሲዘጋ እሱም ዝም ይላል። ጣቢያ ብቻ የሚይዝ ሬዲዮም አይባልም። ስልክ ማጫወት ይችላል፤ ግን ባትሪው የሚያልቀው በደዋዩም፣ በፌስቡኩም፣ በቲክቶኩም ስለሆነ ከጭሮ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ አዋሽን ሳያልፍ ስልኩን ለመቆጠብ ማዳመጡን ሊያቆም ይችላል። መለያው ይህ ነው፤ የኪስ ማጫወቻ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ቢጨመርለትም ዋና ሥራው ማጫወት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። የውጭ መጽሔቶች ስለዚህ ዕቃ ሲጽፉ ግማሹን ገጽ ለድምፅ ጥራት ይሰጣሉ፤ ፍላክ የተባለውን ምንም ሳይጥል የሚያምቅ የፋይል ዓይነት ያጫውታል ወይ፣ ከሲዲ በላይ የጠራ ቅጂ ይችላል ወይ ይላሉ። ለጭሮ ገዢ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። አብዛኛው የድሮ ዘፈን ወደ ኮምፒውተር የገባው ከካሴት ነው፤ የቴፑ የ“ሽሽ” ድምፅም አብሮት ገብቷል። አንዴ ከካሴት የተቀዳን ድምፅ ምንም ያህል ውድ ማጫወቻ ላይ ቢያስገቡት ካሴቱ ውስጥ ያልነበረውን አይጨምርለትም። ለዚህ ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ገንዘቡን ጥሩ ኢርፎን ላይ ቢያውለው ለውጡን ያኔውኑ ይሰማዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። የኤምፒ ስሪን ዘዴ ከሠሩት ዋነኛው፣ ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ፣ ሥራውን የፈተነበት ዘፈን የሱዛን ቬጋ “ቶምስ ዳይነር” ነው፤ ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ። ብቻውን የቆመ የሰው ድምፅ ከመጠን በላይ ሲታመቅ ጉድለቱን የሚሸፍንለት ከበሮ የለም። ያለ መሣሪያ የሚባል መንዙማና የቁርአን ንባብም በዚሁ ሚዛን ይገባሉ። ስለዚህ በጣም የታመቀ ቅጂ አትጫኑልኝ ማለት የዘፈን ወዳጅ ቅብጠት ብቻ አይደለም። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ለአብዛኛው ጆሮ ይበቃል፤ በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት ከ60 ሜጋባይት አያልፍም ማለት ነው። 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ ከ500 በላይ ካሴት ይገባል፤ ቤቱ ሙሉ ካሴት የነበረው ሰው እንኳ ይህን ያህል አልነበረውም።

ሚሞሪው ዘንድ ከደረስን እንቆይ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ የሚቀበሉት እስከ 32 ጊጋ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ካርዶች፣ ከ64 ጊጋ ጀምሮ፣ ከፋብሪካ የሚወጡት በሌላ የአደራደር ሥርዓት ተሰናድተው ስለሆነ መሣሪያው ካርዱን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ሌላው የውሸት ካርድ ነው፤ ላዩ ላይ 64 ተጽፎ ውስጡ 8 የሆነ። ይህ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እንኳ 64 ነኝ ብሎ ይዋሻል። ቀላሉ መላ ካርዱን እስከ አፉ መሙላትና መጀመሪያም መጨረሻም የገባውን ፋይል ማጫወት ነው። አንዱ ከተንተባተበ ወይም ዝም ካለ ካርዱ ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ከድሬዳዋው የታይዋን ገበያ ወይም ከመርካቶ የሚገዛ ሰው ለሙከራ ተመልሶ መምጣት ስለማይችል ቢያንስ ሻጩን “አቦ፣ ሞልተህ አሳየኝ” ለማለት አይፈር።

ባትሪ። የዚህ አገር ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ስንት ሰዓት ይቆያል” ብሎ ሳይሆን “ባትሪው ይወጣል ወይ” ብሎ ነው። ከትከሻ የሚንጠለጠሉት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በድሮ የኖኪያ ስልኮች ባትሪ፣ ቢኤል-5ሲ በሚባለው ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ባትሪው ሲደክም የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ባለበት ከተማ ሁሉ ምትክ ይገኛል፤ ሁለተኛ ባትሪ ሞልቶ ኪስ ውስጥ መያዝም ይቻላል። ውስጡ የተበየደ ባትሪ ያለው ቀጭኑና ያማረው ማጫወቻ ባትሪው ሲያብጥ አብሮ ይጣላል። የቻርጀሩ አፍ ደግሞ ቤት ውስጥ ካለው የስልክ ቻርጀር ጋር አንድ ይሁን፤ መብራት መጥቶ እስኪሄድ ባለው ጊዜ ውስጥ ገመድ ፍለጋ መዞር አይገባም።

ቁልፍ። በአይሱዙ ጭነት ላይ የተቀመጠ ወይም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ስክሪን እያየ ዘፈን አይመርጥም፤ በጨለማ በጣቱ ዳሶ ቀጣዩን፣ ያለፈውን፣ ማጉያውን ማግኘት አለበት። የሚዳሰሰው ስክሪን ለዚህ አይሆንም። የኢርፎን መሰኪያውም ክቡ፣ የተለመደው፣ 3.5 ሚሊሜትሩ ቢሆን ይመረጣል።

ብዙዎች ከገዙ በኋላ የሚያገኙት ችግር የፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ርካሽ ማጫወቻ ግን ፊደሉ ስለማይጫንበት የአማርኛውን ርዕስ በሳጥኖች ይሞላዋል። የኦሮምኛው ርዕስ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ያለ ችግር ይነበባል። አንድ ሚሞሪ ላይ የዓሊ ቢራ ዘፈን ስሙን ይዞ ሲመጣ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን አራት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ጥላሁን ምን በደለ? መፍትሔው ለፋይሎቹ ቁጥር መስጠት፣ ዘፋኙንም በፎልደር መለየት ነው፤ 01፣ 02፣ 03። ቁጥሩን መሣሪያው ሁሉ ያነባል። አንዳንዱ ማጫወቻ በስም ቅደም ተከተል ሳይሆን ፋይሉ በተገለበጠበት ቅደም ተከተል ስለሚያጫውት ሲገለበጥም በተራ ይሁን። ቁርአንን በሱራ ተራ ለሚያደምጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሬዲዮ ይኑረው ወይ? ይኑረው። ግን የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ መስመር የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ያግደዋል፤ ጨርጨር ደግሞ ተራራ ነው። ጭሮ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ከሸለቆው ማዶ ሲሻገሩ ሊጠፋ ይችላል። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ያሰማውን ጣቢያ ገዢው መንደሩ ላይ ላያገኘው እንደሚችል አስቦ ይግዛ። አጭር ሞገድ የሚይዝ ካገኘ ለመንደር ይሻለዋል፤ ሩቅ ይደርሳልና።

ስለ ጆሮ በአጭሩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል ለሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። የመኪና ጩኸት ለመብለጥ ብሎ ኢርፎን እስከ ጥግ መክፈት ከሁሉ የከፋው ነው። ጆሮን የሚደፍን የጎማ ጫፍ ያለው ኢርፎን የውጩን ጩኸት ስለሚቀንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመስማት ይረዳል።

የቀረው ዘፈኑ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በየከተማው ኮምፒውተር ይዞ “ዘፈን እንጭናለን” የሚል ሱቅ አለ፤ ፍላሽ ሰጥቶ፣ ከፍሎ፣ ተሞልቶ መውሰድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሰውን ሥራ እያባዙ መሸጥ ክልክል ነው፤ የሚከፈለው ገንዘብም ለጫኚው እንጂ ለዘፋኙ አይደርስም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ሌሎች ሙዚቀኞች የጀመሩት አውታር የተባለው መተግበሪያ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ እንዲገዛ መንገድ ከፍቶ ነበር፤ እንዲህ ያሉት መተግበሪያዎች ግን ለስልክ የተሠሩ ናቸው፤ ከትከሻ ለሚንጠለጠለው ማጫወቻ የሚሆን ፋይል ሽያጭ ላይ እምብዛም ትኩረት የለም። ገዝቶ በሚሞሪ መውሰድ የሚቻልበት ሕጋዊ ሱቅ በጭሮ ቢከፈት ደንበኛ የሚያጣ አይመስለኝም፤ ሰዉ እኮ አሁንም እየከፈለ ነው።