ከቁጥሩ በስተጀርባ ማን አለ? የጄኔቫና የዙሪክ የአደጋ ጥሪ ማዕከላት ታሪክ

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2014) ከንጋቱ በፊት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ያቀና የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 702 በጄኔቫ ሰማይ ላይ ይዞር ነበር። ዋናው አብራሪ ለአፍታ ከክፍሉ ሲወጣ ረዳቱ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ 202 ሰዎችን የያዘውን ቦይንግ 767 ወደ ስዊዘርላንድ አዙሮታል። የኢጣሊያና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች አውሮፕላኑን አጅበውታል፤ የስዊዘርላንድ ጄቶች ግን አልተነሡም። የአገሪቱ አየር ኃይል ምክንያቱን አልደበቀም። ጄቶቹ ለስምሪት ዝግጁ የሚሆኑት በቢሮ ሰዓት ብቻ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላም ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ አንድ። አውሮፕላኑ ያረፈው ደግሞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ዓለም በዚህ ዜና ሳቀ። ይሁንና ከሳቁ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። ሰማዩ ላይ ቢሮው ገና ባይከፈትም፣ መሬት ላይ ፖሊስ በማረፊያው ሜዳ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ረዳት አብራሪው በመስኮት ገመድ ጥሎ ወርዶ እጁን ሰጠ፤ ተሳፋሪዎቹም በሰላም ወጡ። በአንድ ንጋት፣ በአንድ አገር፣ አንዱ ተቋም ሲተኛ ሌላው ነቅቶ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ሀብት ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱም የአንድ ሀብታም አገር ተቋማት ናቸውና። የለያያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚያ ሰዓት ጥሪውን ተቀብሎ የማሰማራት ግዴታ ያለበት ማን ነው?

የአደጋ ስልክ ቁጥር ታሪክ ራሱ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1935 በለንደን ዊምፖል ስትሪት በተነሣ ቃጠሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን አይቶ የደወለ ጎረቤት በስልክ ማዞሪያው ወረፋ ተይዞ ቀርቶ ነበር። በ1937 ሥራ የጀመረው 999 የተፈለሰፈው ስለዚህ ነው፤ ዓላማው የጭንቅ ጥሪ ከተራው ጥሪ እንዲቀድም ማድረግ ነበር።

ስዊዘርላንድ በዚህ ረገድ ከብዙ አገሮች የተለየ መንገድ ሄዳለች። ጤናም ፖሊስም በዋናነት የ26ቱ ካንቶኖች ሥልጣን ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹ በመላው አገር አንድ ናቸው፤ 117 ለፖሊስ፣ 118 ለእሳት፣ 144 ለአምቡላንስ። በ1952 የተመሠረተው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት ሬጋም በ1414 ይጠራል። ስልኩን የሚያነሣው አካል ግን ከካንቶን ካንቶን ይለያያል።

በጄኔቫ የ144 ማዕከል የሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታሎች ሥር ነው። ጥሪው ገና ከመነሻው እንደ ሕክምና ጉዳይ ይታያል። ፖሊስና እሳት አደጋ የየራሳቸው ማዕከል አላቸው። ዙሪክ ሌላ አማራጭ ወሰደች። ከተማዋ በ2001 እሳት አደጋን፣ አምቡላንስንና ሲቪል ጥበቃን «ሹትስ ኡንድ ሬቱንግ» በተባለ አንድ ተቋም ሥር አዋሐደች። የዚህ ተቋም ማዕከል ዛሬ የዙሪክን ብቻ ሳይሆን የሻፍሃውዘን፣ የሽቪትስና የጹግ ካንቶኖችን የ144 ጥሪዎች ይቀበላል።

ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ መሠረታዊ ነገር ይስማማሉ። ማዕከሉ የሚያዛቸው አምቡላንሶች ሁሉ የራሱ ንብረት አይደሉም። በጄኔቫ የግል ኩባንያዎች፣ በዙሪክ ዙሪያ ደግሞ የልዩ ልዩ ሆስፒታሎች አምቡላንሶች በአንድ ማዕከል ትእዛዝ ይንቀሳቀሳሉ። ባለቤትነቱ ብዙ ነው፤ ትእዛዙ ግን አንድ።

የጥሪው ሂደትም ይህንኑ ያሳያል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነው?» የሚል ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ከታወቀ እርዳታ መላክ ይቻላልና። ቀጥሎ ታማሚው ነቅቶ እንደሆነና መተንፈሱ ይጠየቃል። መልሱ የጥድፊያውን ደረጃ ይወስናል። አምቡላንሱ በመንገድ ላይ ሳለም ጥሪ ተቀባዩ መስመሩን ሳይለቅ፣ ደዋዩ የታማሚውን ደረት እንዴት እንደሚጫን ይመራዋል። የመጀመሪያው ሕክምና የሚጀምረው ከሳይረኑ በፊት፣ በድምፅ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሥርዓቱ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። በጁላይ 2002 ሌሊት በዙሪክ የበረራ ተቆጣጣሪዎች ኃላፊነት ሥር በነበረው በዩበርሊንገን ሰማይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰዎች ሞቱ። የጀርመን ተቆጣጣሪዎች አደጋውን አስቀድመው አይተው ደውለው ነበር፤ የዙሪክ ስልክ ግን በጥገና ምክንያት ሊገኝ አልቻለም። በጁላይ 2021 ደግሞ በስዊስኮም መረብ ላይ በደረሰ ብልሽት የአደጋ ቁጥሮች በብዙ ካንቶኖች ለሰዓታት ተቋረጡ፤ መነሻው አሁንም የጥገና ሥራ ነበር። አየር ኃይሉስ? የሃያ አራት ሰዓት ዝግጁነትን የሚጠይቅ ሐሳብ ለፓርላማ የቀረበው ከጠለፋው በፊት፣ በ2009 ነው። ሙሉ በሙሉ የተፈጸመው ግን በ2020 መጨረሻ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። እሳት አደጋ 939፣ ቀይ መስቀል 907፣ ፖሊስ 991 አላቸው፤ የግል አምቡላንሶችም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በውጭ ያለን ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የምናቀርበው ምክር «አንድ ቁጥርና ዘመናዊ ሶፍትዌር» የሚል ነው። የጄኔቫና የዙሪክ ታሪክ ግን ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ስዊዘርላንድ ዛሬም ሦስት ቁጥሮች አሏት፤ ማንም ስለዚህ አልተጎዳም። የሚጎዳው አንድ አምቡላንስ ባዶውን ቆሞ ሌላው ከከተማው ዳር ሲጠራ ነው።

ስለዚህ ለቀጣዩ የፕሮጀክት ሰነድ ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩን የሚያነሣው ባለሙያ ደመወዝ በየትኛው በጀት ተይዟል? የቀይ መስቀሉም፣ የከተማውም፣ የግሉም አምቡላንስ የማዕከሉን ትእዛዝ እንዲፈጽም የሚያስገድደው የትኛው ሕግ ነው? የቴሌ መስመር ሲቋረጥስ ጥሪው በምን ይተላለፋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ማዕከል፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ምንም ያህል አጭር ቢሆን፣ ገና የቢሮ ሰዓት የሚጠብቅ ጄት ነው።