የተከፈለውን ምስል መልሶ መግጠም

የሲኒማ ፊልም ድምፅ ካገኘበት ከ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አንስቶ በሰከንድ 24 ሙሉ ምስሎችን ያሳልፋል። ቴሌቪዥን ግን ይህን ቁጥር አልተቀበለም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የአውሮፓው 50 ጊዜ ይመላለሳል። የምስሉ ፍጥነት ከዚህ ጋር ካልተስማማ የኤሌክትሪኩ ጣልቃ ገብነት በማያው ላይ ሲንሸራተት ይታይ ስለነበር መሐንዲሶቹ ሁለቱን አስማሟቸው። ሆኖም በሰከንድ 60 ሙሉ ምስል ማስተላለፍ በጊዜው የነበረው የሬዲዮ ሞገድ የማይችለው ሸክም ነበር። ለዚህ መላ የተገኘለት በ1930ዎቹ መባቻ ነው። በጀርመን ፍሪትዝ ሽሮተር በ1930፣ በአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ደግሞ ራንዳል ባላርድ በ1932 ዘዴውን ለፈጠራ መብት አቀረቡ። ምስሉ ለሁለት ይከፈላል፤ መጀመሪያ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው መስመር እየተባለ ይላካል፣ ቀጥሎ በመካከል የተዘለሉት ይከተላሉ። ይህ አሠራር ኢንተርሌስ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ምስል ደግሞ ፊልድ ይባላል። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ፊልዶቹን አከታትሎ ሲስላቸው ዓይን ራሱ ያዋህዳቸዋል።

አሜሪካ በ1941 ያጸደቀችው ኤንቲኤስሲ የተባለው ሥርዓት 525 መስመርና በሰከንድ 60 ፊልድ ነበረው። በ1953 ቀለም ሲጨመር፣ የቀለሙ ምልክት ከድምፁ ሞገድ ጋር እንዳይጋጭ ፍጥነቱ በሺህ አንድ ያህል ተቀንሶ 59.94 ሆነ። ይህች ኢምንት ቅናሽ ለሰባ ዓመታት የቪዲዮ ባለሙያዎችን ስታስቸግር ኖራለች።

በሰከንድ 24 ምስል ያለውን ፊልም ወደ 60 ፊልድ ለማድረስ የተመረጠው መንገድ አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ፣ ተከታዩን ሦስት ጊዜ መድገም ነው። አራቱን የፊልም ምስሎች ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ብንላቸው የፊልዶቹ ሰልፍ ሀሀ ለለለ ሐሐ መመመ ይሆናል። አሥሩ ፊልዶች ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ ሀሀ፣ ለለ፣ ለሐ፣ ሐመ፣ መመ የሚሉ አምስት የቪዲዮ ምስሎች ይወጣሉ። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፤ ሁለቱ ግን በሁለት የተለያየ ጊዜ የተነሡ ግማሾች የተጋጠሙባቸው ናቸው። ሰው እጁን ሲያወዛውዝ በእነዚህ ሁለት ምስሎች ላይ የእጁ ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል። በቱቦ ቴሌቪዥን ላይ ማንም አላስተዋለውም ነበር። ምስሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳዩት የኮምፒውተርና የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ማያዎች ግን ገመናውን አወጡት።

ዲቪዲ በ1996 መጨረሻ በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ ይህን ሁሉ ቅርስ ይዞ መጣ። መልካሙ ነገር፣ ዲቪዲ የተጠቀመበት ኤምፔግ-2 የተባለው የማመቂያ ዘዴ አንድ ብልህ አማራጭ ነበረው። ዲስኩ 24ቱን ሙሉ ምስሎች ብቻ ይይዝና የትኛው ፊልድ እንዲደገም ለማጫወቻው ትእዛዝ ይሰጣል። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ፊልሙን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ቀላል ነው፤ ትእዛዙን ችላ ማለት ይበቃል።

ችግሩ ድግግሞሹ ከነአካቴው በምስሉ ላይ ታትሞ ሲገኝ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፊልድ ከቀዳሚውና ከተከታዩ ጋር እያስተያየ ትክክለኛ ጥንዱን ይፈልጋል፤ ጥርሱ የጠፋበት ግጥሚያ እውነተኛው ነው። ጥንዶቹ ሁሉ ከተገኙ በኋላ ከአምስቱ ምስሎች አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይተርፋል፤ እሱ ሲጣል አራቱ የፊልም ምስሎች እንደነበሩ ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ግምት የለም፣ አዲስ የተሳለ ነገርም የለም። የዚህ ሥራ ታላቅ ውበትም ይህ ነው። በ1980ዎቹ መሐንዲሱ ኢቭ ፋሩጃ ይህንኑ ድግግሞሽ የሚለዩ ውድ መሣሪያዎችን በካሊፎርኒያ ሠርቶ ነበር። ከ2000 ወዲህ ደግሞ አቪሲንዝን በመሳሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች አማካይነት ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ሆነ።

ሰልፉ የሚዛባበት ጊዜ ግን አለ። ከ1987 እስከ 1994 የታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ቢሆንም የተቀናበረው በቪዲዮ ካሴት ላይ ነበር። በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ የሁለትና የሦስት ሰልፉ ይሰበራል፤ ጥንድ የሌለው ብቸኛ ፊልድም ይቀራል። ባለቤቱ ሲቢኤስ ወደ ኔጌቲቩ ተመልሶ ሁሉንም ክፍል እንደ አዲስ አቀናብሮ፣ ከ2012 እስከ 2014 በብሉሬይ አወጣው። ተከታዩ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ስለዚህ ወዳጆቹ ዛሬም ከዲቪዲው ጋር ይታገላሉ፤ የተዋንያኑ ትዕይንት በ24፣ በቪዲዮ የተሠራው የጠፈር ትዕይንት በ30 ምስል ስለሚሄድ፣ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይንገጫገጫል።

በአውሮፓው ፓል ሥርዓት ነገሩ ይቀላል። ፊልሙ በሰከንድ 25 ምስል እንዲሄድ በ4 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ የ100 ደቂቃ ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ ድምፁም በዚያው መጠን ይቀጥናል። አንዳንዴ ፊልዶቹ በአንድ ቦታ ይዛነፋሉ፤ እሱም ፊልዱን በአንድ ቦታ በማሸጋሸግ ይቃናል።

እጅግ ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የተቀየረ ቪዲዮ ሲገጥም ነው። 59.94 ፊልድን ወደ 50፣ ወይም 50ን ወደ 59.94 የሚቀይሩት የድሮ መሣሪያዎች አጎራባች ፊልዶችን በተለያየ መጠን ያደባልቋቸዋል። ውጤቱ በእንቅስቃሴ ጊዜ ጥላ ያለው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታይ ምስል ነው። ይህን ለመለየት ሒሳብ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ምስል በሌላ ቦታ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘና የድብልቁ መጠን ከታወቀ፣ አንደኛውን ቀንሶ ሌላውን ማውጣት ይቻላል። የዲቪዲው መታመቅ ዝርዝሩን ስለሚበላ ግን ቅሪት ጥላ አይጠፋም።

ይህን ሒሳብ በታላቅ ጥንቃቄ የሠራው ቢቢሲ ነው። የ1971ዱ «ዘ ክሎውስ ኦቭ አክሶስ» የተባለው የ«ዶክተር ሁ» ተከታታይ ድራማ ታሪክ አራት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በቀለም የተረፉት ለሰሜን አሜሪካ በተዘጋጀው የኤንቲኤስሲ ቅጂ ብቻ ነበር። የቢቢሲ የምርምር ክፍል የዚያን ዘመን መቀየሪያ ምስሎቹን እንዴት እንዳደባለቃቸው መርምሮ ድርጊቱን ወደ ኋላ የሚመልስ ስሌት አዘጋጀ፤ ታሪኩም በ2005 በዲቪዲ ሲወጣ በሰከንድ 50 ፊልድ የነበረው እንቅስቃሴ ተመልሶ ታየ።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተመልካችም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የተከተለችው ፓልን ነው፤ ስለዚህ በቪኤችኤስ ካሴት ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ድራማዎችና የሙዚቃ ቪዲዮዎች በዚያ አገር መሣሪያ እንዲታዩ ወደ ኤንቲኤስሲ መቀየር ነበረባቸው። ዋናው ካሴት የጠፋ እንደሆነ የሚተርፈው ይኸው የተደባለቀ ቅጂ ነው። እንዲህ ያለ ካሴት ያለው ቤተሰብ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባው ፊልዶቹ ሳይነኩ እንዲቀመጡ ነው። ፋይሉን ለማሳነስ ሲባል የምስሉ ቁመት ከተቀየረ የሁለቱ ፊልዶች መስመሮች እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው መስመር የየትኛው ፊልድ እንደነበረ ለይቶ መመለስ አይቻልም።