የመንዝን የድንጋይ ጉብታ ማን ከመረው?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ድንጋይ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ድንጋይ ማን ያጣል? ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የማሳው እርከን ድንጋይ። ነገር ግን ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ገበሬ ማሳውን ሲለቅም ዳር የሚጥለው ክምር አለ። የበረት ካብ አለ። ከነዚህ ሌላ ደግሞ ክብ ሆኖ የተከመረ፣ አፈርና ሣር የለበሰ ትልቅ ጉብታ አለ። እንዲህ ያለው ጉብታ የጥንት ሰዎች መቃብር ሊሆን ይችላል።

ማን ሠራው ብትሉ፣ በብዙ አገር የምትሰሙት መልስ «የግራኝ ዘመን ነው» የሚል ነው። ያረጀ ነገር ሁሉ ለግራኝ ይሰጣል እኮ! እስቲ ቁጥሩን እንቁጠር። የሽምብራ ኩሬ ጦርነት የተደረገው በ1521 ዓ.ም. ነው። እነዚህ መቃብሮች ግን ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። የመጨረሻዎቹ እንኳ ጦርነቱን ከ100 ዓመት በላይ ይቀድሙታል። የመጀመሪያዎቹማ ከ500 ዓመት በላይ።

ዕድሜው እንዴት ታወቀ? በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ከአየርና ከምግብ አንድ ዓይነት ካርቦን ይወስዳል። ከሞተ በኋላ ያ ካርቦን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። አጥንት ወይም ከሰል ተመርምሮ የቀረው ሲለካ ዘመኑ ይታወቃል።

መቃብሮቹን የቆፈሩት ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና በርትራን ፑዋሶኒዬ የተባሉ ፈረንሳውያን አጥኚዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 መጽሐፍ አሳተሙ። የነዚያን ሰዎች ሥራ «የሻይ ባህል» አሉት። የምንጠጣው ሻይ አይደለም፤ በመንዝ የሚፈሰው የሻይ ወንዝ ነው።

ከድንጋዩ ሥር ምን ተገኘ? በአንድ መቃብር ብዙ ሰው ተቀብሯል። ከአጽሙ ጋር ሸክላ፣ የብረት መሣሪያ፣ አምባርና ዶቃ አለ። እኔን የሚገርመኝ ዶቃው ነው። የብርጭቆ ዶቃ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ነው። ከወደብ ተነሥቶ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ያንን ገደል ወጥቶ ደጋ ደርሷል። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ከዓለም ተለይተው አልኖሩም። ደግሞም ሁሉም እኩል አልነበሩም። ይህን ያህል ድንጋይ የሚያስከምር፣ ዶቃ ይዞ የሚቀበር፣ ባለጸጋና ባለሥልጣን መሆን አለበት።

ክርስቲያንም እስላምም ሙታኑን ከነዕቃቸው የመቅበር ሥርዓት የላቸውም። ስለዚህ የነዚህ ሰዎች እምነት ሌላ ነበር። በአንድ በኩል የክርስቲያኑ መንግሥት፣ በሌላ በኩል የይፋት ሱልጣኖች ነበሩ። በ14ኛው መቶ ዓመት፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ግዛታቸውን ባሰፉበት ዘመን፣ ይህ የአቀባበር ልማድ እየቀረ ሄደ። ልማድ ቀረ ማለት ግን ሰው አለቀ ማለት አይደለም።

ሰዎቹ ስማቸውን ጽፈው አልተዉልንም። ያለን ጽሑፍ ድንጋዩና ከሥሩ ያለው ነው። ታዲያ አንዱ ለቤት መሠረት፣ ሌላው ለካብ ድንጋዩን ያነሣል። ሀብት አለ ብሎ ሌሊት የሚቆፍርም አይጠፋም። ዶቃ ከቦታው ወጥቶ ኪስ ከገባ፣ ከየትኛው አጽም አጠገብ እንደነበረ መልሶ የሚነግረን የለም። ስታርሱ ማረሻው የተካበ ድንጋይ፣ ሸክላ ወይም አጥንት ቢነካ፣ በሬዎቹን አቁሙ። ያገኛችሁትን ሳታነሡ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ቦታውንና ቀኑን ደግሞ በእጃችሁ ጻፉት።