የተዘጋ በርና አንዲት ፍላሽ፦ ካርቱም፣ ማዕቀቡና ሊኑክስን የማባዛት ታሪክ

በኮምፒዩተር ክፍል ከሚሠሩ ሥራዎች አንዱ እንደ ተራ ነገር ይታያል። አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ይጫናል፤ የአማርኛ ፊደል ይገባበታል፤ መዝገበ ቃላት፣ የሒሳብ መለማመጃ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ውክፔዲያ ይጨመርበታል። ከዚያ ተስተካክሎ ያለቀው ሥራ እንዳለ በፍላሽ ተቀድቶ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይሄዳል። ሁለተኛውም ልክ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ይነሳል። በቃ፣ አለቀ።

ነገር ግን ይህች ቀላል የምትመስል ሥራ ታሪክ አላት። ታሪኩን በደንብ ከሚያሳዩ ከተሞች አንዷ ደግሞ ካርቱም ናት። ለምን ቢባል፣ ካርቱም ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሶፍትዌር በፊት ለፊት በር ሊገባባት ያልቻለ ከተማ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የማዕቀቡ ዘመን

አሜሪካ ሱዳንን በ1993 ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ ካለቻቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባቻት። ኖቬምበር 3 ቀን 1997 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጣሉባት። ከዚያ በኋላ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ያለ ልዩ ፈቃድ ለሱዳን ዕቃም ሆነ አገልግሎት መሸጥ አይችልም። ሶፍትዌርም ዕቃ ነውና አብሮ ተያዘ። እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት የመክፈያ ካርዶችም በሱዳን አይሠሩም ነበር። ስለዚህ ካርቱም ያለ ሰው ገንዘብ ቢኖረው እንኳ ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ከኢንተርኔት ማውረድ በጣም ይቸግረው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ ካርቱም ውስጥ የነበሩት ሱዳናውያን ብቻ አልነበሩም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አብዮቱን፣ ጦርነቱንና ረሃቡን ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ በጣም ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ሱዳን ገብተዋል። ከፊሉ በምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ቀረ፤ ከፊሉ ወደ ዋና ከተማዋ ዘለቀ። ደይምን የመሰሉ ሰፈሮች የሐበሻ ሰፈር እስከ መባል ደረሱ። ማዕቀቡ የተጣለው በመንግሥት ላይ ነው ቢባልም፣ የደይሙ ስደተኛም እዚያው ጥላ ሥር ወደቀ።

ጃንዋሪ 2010፦ በሩ ሲዘጋ

ይህ በግልጽ የታየው በ2010 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን በነፃ የሚታደሉ ፕሮግራሞች ዋናው ገበያ ሶርስፎርጅ የሚባለው ድረ ገጽ ነበር። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የፕሮግራም ሥራዎች እዚያ ተቀምጠው ነበር። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሰዎች በፈቃዳቸው የጻፏቸው ናቸው፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያወርዳቸዋል። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ግን የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በጃንዋሪ 2010 ኩባንያው የአሜሪካን ሕግ ለማክበር ሲል ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያ፣ ከሶሪያና ከሱዳን የሚመጣን ሰው ሁሉ ከለከለ።

ክልከላው እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ኢንተርኔት ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር የቁጥር አድራሻ አለው። ከአድራሻው ደግሞ መስመሩ በየትኛው አገር እንዳለ ይታወቃል። ድረ ገጹ “አንተ ማነህ?” ብሎ አይጠይቅም፤ የሚያየው “መስመርህ ከየት ነው?” የሚለውን ብቻ ነው። የካርቱም መስመር ከሆነ በሩ ይዘጋል። የሱዳን ባለሥልጣንም፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ መታወቂያው ላይ ስደተኛ ተብሎ የተጻፈለት ኢትዮጵያዊም ለዚያ ማሽን አንድ ናቸው። ከአንድ መንግሥት ሸሽቶ የመጣ ሰው በሌላ መንግሥት ጥፋት ሲቀጣ ማለት ነው።

ነገሩን የባሰ የሚያስገርም ያደረገው ምን ነበር? አንድን ኮምፒዩተር እንዳለ ወደ ሌላ ለመገልበጥ የሚያገለግለው ክሎንዚላ የተባለው ፕሮግራም ራሱ ከዚሁ ድረ ገጽ ነበር የሚታደለው። ክሎንዚላን የሠሩት አሜሪካውያን አይደሉም፤ በታይዋን አንድ ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማዕከል ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ሠሪውም ተቀባዩም አሜሪካ የሉም፤ መጋዘኑ ግን እዚያ ነው።

ብዙ የሶፍትዌር ሠሪዎች ተቃወሙ። ወር ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ድረ ገጹ ውሳኔውን ለየሥራው ባለቤቶች ተወ፤ ሕጉ ሥራችንን አይከለክልም ብሎ የሚያምን ባለቤት በሩን መክፈት ይችል ነበር። ቢሆንም ሁሉም የታየው ነገር ታየ። ከአንድ መጋዘን ብቻ የሚቀዳ ነገር፣ መጋዘኑ በተዘጋ ቀን የለም።

መቅዳት መብት የሆነበት ምክንያት

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ፣ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊለውጠውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ግኑ የተባለውን ሥራ ጀመረ። በ1989 ለዚህ የሚሆን የፈቃድ ጽሑፍ ወጣ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ጀመረ፤ በ1992ም በዚሁ ፈቃድ ሥር አደረገው።

ፈቃዱ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ኮፒው በእጅህ ካለ፣ ለጎረቤትህ ለመስጠት ሠሪውን ማስፈቀድ አያስፈልግህም። የሰጠኸውም ሰው ያንኑ መብት ይዞ ይቀበላል። ስለዚህ ሊኑክስ እንደ ሌላው ዕቃ ከአንድ ሱቅ ብቻ የሚገኝ አይደለም። አንድ ሰው ካርቱም ይዞ ከገባ፣ ያ ሰው ራሱ መጋዘን ሆነ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በየገዳማቱ ቁም ጸሐፊው እናት ቅጂውን ፊቱ ዘርግቶ፣ ብራናውን ፍቆና አስምሮ፣ መጽሐፉን ይገለብጥ ነበር። አንዱ ገዳም ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ መጽሐፉ በሌላው ይገኛል። ግልባጩ ስህተት ካለበት ደግሞ ስህተቱ ከእሱ ወደሚገለበጡት ሁሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከእናት ቅጂው ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከሲዲ ወደ ፍላሽ

ድሮ ሊኑክስ ለመጠቀም መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ላይ መጫን ያስፈልግ ነበር። በ2000 ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ ክኖፒክስ የተባለውን አወጣ፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከሲዲው ላይ በቀጥታ የሚነሳ ሊኑክስ ነው። በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ገንዘብ የተጀመረው ኡቡንቱ መጣ። ኡቡንቱ እስከ 2011 ድረስ ሲዲ ለጠየቀ ሰው በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ሲዲው በአንድ ጊዜ ለመሞከሪያም ለመጫኛም ይሆናል።

ሲዲ በፖስታ መላኩ የቅንጦት ነገር አልነበረም። እስቲ እናስላው። አንድ ሲዲ 700 ሜጋባይት ይይዛል። በስልክ መስመር፣ በሰከንድ 56 ኪሎቢት በሆነ ፍጥነት፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳ 29 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው! አንዴ ከወረደ በኋላ ግን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በጥቂት ደቂቃ ይቀዳል። እንግዲህ የፍላሽ ጉዳይ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች በ2000 ገበያ ሲወጡ 8 ሜጋባይት የሚይዙ ነበሩ፤ ሊኑክስ ይቅርና ጥቂት ፎቶግራፍ ቢይዙ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መጠናቸው እያደገ ዋጋቸው እየወረደ ሄደ። በኦክቶበር 2008 የወጣው ኡቡንቱ 8.10 ራሱን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ፍላሽ ከሲዲ በምን ይሻላል? አይጫርም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተደምስሶ እንደገና ይጻፍበታል። ችግሩ በዕርዳታ የሚመጡ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ከፍላሽ መነሳት አለመቻላቸው ነበር፤ ለእነሱ ሲዲው ቶሎ አልቀረም።

አስተካክሎ ማባዛት

የወረደው ሊኑክስ እንዳለ ለአማርኛ ተማሪ አይበቃም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ያኔ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ቢሆንም ፊደሉ መመዝገቡ አንድ ነገር ነው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ መገኘቱ ሌላ። እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት መጫን፣ በላቲን ኪቦርድ ድምፁን እየጻፉ አማርኛ የሚያወጣውን መጻፊያ ማስተካከል ያስፈልጋል። እነዚህን ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ማውረድ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። አንዴ አስተካክሎ ያንን ማባዛት ነው የሚያዋጣው።

ለዚህ ሦስት ዓይነት መንገድ ኖሯል። የመጀመሪያው ከ1970ዎቹ የዩኒክስ ዘመን የወረሰነው ዲዲ የተባለው ትእዛዝ ነው። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ባዶውንም ጭምር፣ ይገለብጣል። አንድ ፊደል ተሳስቶ ሌላ ዲስክ ላይ ከተጻፈ ግን የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። ሁለተኛው ክሎንዚላ ነው፤ ጽሑፍ ያለበትን የዲስክ ክፍል ብቻ ስለሚቀዳ ይፈጥናል። ሆኖም ተቀባዩ ዲስክ ከሰጪው ማነስ የለበትም።

ሦስተኛው የተስተካከለውን ሥርዓት መልሶ የሚጫን ፍላሽ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ለኡቡንቱና ለዴቢያን ይህን የሚሠራው ሪማስተርሲስ የተባለ ፕሮግራም ነበር፤ ሥራው በ2013 ቆመ። ዛሬ ኤምኤክስ ሊኑክስን የመሰሉ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ። ሪማስተርሲስ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንዱ ፕሮግራሞቹን ብቻ ይዞ የሰውየውን የግል ፋይል ይተዋል። ሌላው የግሉንም ፋይል፣ የይለፍ ቃሉንም ጨምሮ፣ ሁሉን ይገለብጣል።

መምህራን ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የስደተኛ ኮምፒዩተር ላይ ምን ይገኛል? የመታወቂያ ፎቶ፣ የጉዳይ ደብዳቤ፣ የቤተሰብ አድራሻ፣ ለምን ከአገር እንደወጣ የጻፈው ታሪክ። ሁለተኛውን ምርጫ ሳያስተውል የተጠቀመ ሰው የአንድን ተማሪ ምስጢር ለሃያ ኮምፒዩተር ያድላል። እናት ቅጂው ከመገልበጡ በፊት የማንም የግል ነገር እንዳይኖርበት መፈተሽ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአደራ ጉዳይ ነው።

ኢንተርኔቱ ሲጠፋ

የንግድ ማዕቀቡ በኦክቶበር 2017 ተነሳ፤ ከሽብር ዝርዝሩም ሱዳን በዲሴምበር 2020 ወጣች። ታዲያ የፍላሽ ነገር አበቃለት? አላበቃም። ጁን 3 ቀን 2019 በካርቱም ተቃዋሚዎች የተቀመጡበት ቦታ በኃይል ሲበተን ኢንተርኔቱም ተዘጋ፤ የተመለሰው ጁላይ 9 ነው። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ እንደገና ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፋ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ከተማዋ ፈራረሰች፤ ሚሊዮኖች ተፈናቀሉ። ቀድሞ ተሰደው የመጡት ኢትዮጵያውያንም ሁለተኛ ተሰደዱ። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ደግሞ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ።

በ2010 በሩን የዘጋው የውጭ ሕግ ነበር፤ በ2019ና በ2021 የአገሩ ሥልጣን፤ ከ2023 ወዲህ ጦርነት። ምክንያቱ ተለዋወጠ፣ ውጤቱ ግን አንድ ነው፦ ከሩቅ መጋዘን መቅዳት አይቻልም። ከቤቱ በሌሊት የሚወጣ ሰው ኮምፒዩተር ተሸክሞ አይወጣም፤ ፍላሽ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ ታሪክ ለክፍላችን የሚሆን ምን እንውሰድ? የተስተካከለው ሊኑክስ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አይኑር፤ ቢያንስ ሁለት ፍላሽ ላይ ይቀዳ፣ ሁለቱም በአንድ ቤት አይቀመጡ። ፍላሹ በተለመደው ፋት 32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል እንደማይቀበል ይታወስ። ከተቀዳ በኋላ ግልባጩ ከእናት ቅጂው ጋር በቁጥር ማመሳከሪያ ይመርመር፤ ቁም ጸሐፊው ያደርገው የነበረውን ነው። ምን እንደተጨመረ፣ ምን እንደተቀነሰ በወረቀት ተጽፎ ከፍላሹ ጋር ይቀመጥ፤ የሠራው መምህር ነገ በሌላ ካምፕ ወይም በሌላ አገር ሊሆን ይችላልና።

ተማሪዎችም ሥራውን ከመምህሩ እጅ አይታችሁ ብቻ አትለፉ፤ እናንተም ሥሩት። ቀጣዩ ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ ኢንተርኔት ይኑርም አይኑር፣ ማስነሳት የሚችል ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት።